ሠላሳ ሁለተኛዋ አይጥ

እስከ ዛሬ ጠዋት ሠላሳ አንድ የዱር አይጦች ተከፍተዋል። ሁሉም ትል ነበረባቸው፤ አንዱ አራት ብቻ፣ ሌላው ከመቶ በላይ። የሠላሳ ሁለተኛዋ አንጀት በብርጭቆ ሳህን ላይ ተዘርግቷል። ሩሃማ አይታው "ምንም የለም" ብላለች።

አሁን ተራው የኤልቤቴል ነው። በዚህ ቤተ ሙከራ የከፈተ ሰው ብቻውን አይቆጥርም፤ ጓደኛው ደግሞ ያያል።

"ነይ ተቀመጪ" ትላለች ሩሃማ ወንበሩን እየለቀቀች። "ዓይኔ ደክሟል፣ ስቼ ይሆናል።"

ኤልቤቴል ትሕትናዋንም አትወድላትም። የማይክሮስኮፑን መመልከቻዎች ከሩሃማ ዓይን ልክ ወደ ራሷ ታቀራርባለች። ክረምቱን ሙሉ ከዲላ ወናጎ እየተመላለሰች፣ ቡናው ሥር ወጥመድ ስትዘረጋ ጭቃ ለጭቃ የተንከራተተችው እሷ ናት። ሩሃማ ግን እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ፣ ቆጮ ከተቀበረበት ጉድጓድ አጠገብ አንድ ወጥመድ አስቀምጣ ተኛች። ሲነጋ ይህች ተገኘች።

"የሁሉም አይጥ አንጀት በትል ተወርሮ የዚህች ብቻ ለምን ተረፈ?" ይላሉ አስተማሪያቸው ዶክተር ከፈለኝ በሩን ተደግፈው። "ይህ ጥያቄ ውድቅ ካልሆነ የሚቀጥለውን ጥናት ሩሃማ ትይዘዋለች።"

በዚያ ጥናት ለማስተርስ ተመራቂ የተፈቀደው ቦታ አንድ ነው። ሁለቱም ያውቃሉ።

"ትል ደርሶባት የማያውቅ ብትሆንስ?" ትላለች ኤልቤቴል ዓይኗን ሳታነሳ። "ቤት ያቀማጠላት አይጥ። እሱ ትልን መቋቋም አይባልም፣ ዕድል ነው።"

ሩሃማ ትስቃለች። "የእናቴ ጓሮ ቅምጥል የሚያሳድግ መሰለሽ? እኔን እያየሽ?"

"ኤልቤቴል ልክ ናት" ይላሉ ዶክተሩ። "አይጧ ለትል ካልተጋለጠች ንጹሕ አይጥ ናት፤ በቃ።"

ኤልቤቴል በወረንጦ አንጀቱን እጥፋት በእጥፋት ትገልጣለች። ትል ለማየት እንዲህ ጓጉታ አታውቅም። አንድ ይበቃታል።

ከጨጓራው ብዙም ሳይርቅ፣ በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ ነጭ ነጥብ አለ። ብርሃኑን ስታስተካክል ውስጡ የተጠመዘዘ ነገር ይታያል።

"አንድ አለ።"

በድምፅዋ ውስጥ ያለውን ደስታ ራሷም ትሰማዋለች። ሩሃማ ጓንቷን ታወልቃለች፤ አንዱን ጣት፣ ከዚያ ሌላውን፣ ቀስ ብላ።

"እንግዲህ ይቺም እንደ ሌሎቹ ናት" ብለው ዶክተሩ ወደ ኮሪደሩ ይዞራሉ።

ኤልቤቴል እዚህ ላይ ማቆም ትችላለች። ትል ተፈለገ፣ ተገኘ፤ ውሸት የለበትም። እጇ ግን ልማዱን አይተውም። መርፌ አንስታ ነጥቡን ለመክፈት ትሞክራለች።

አይከፈትም። ሥጋው ጠንክሯል። ትሉን ቆጮ በኮባ እንደሚጠቀለል ደርቦ ደርቦ ጠቅልሎታል። የመጨረሻውን ሽፋን ስትልጥ ትሉ አይንቀሳቀስም።

ስለዚህ አይጧ ተጋልጣለች። ትሉ ገብቶባታል፤ ግድግዳው ውስጥ ይዛ አስቀርታዋለች። ሩሃማ የተሳሳተችው ቁጥሩን እንጂ ነገሩን አይደለም። "ምንም የለም" ከሚለው ይልቅ ይህ አንዱ ይጠቅማታል።

ኤልቤቴል መርፌውን ታስቀምጣለች። በዚህ ክፍል ውስጥ ይህን ያየች እሷ ብቻ ናት።

"ዶክተር" ትላለች። "አይሂዱ።"

እርምጃቸው ይቆማል። ሩሃማ ባዶ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ታጎነብሳለች። "ምን አየሽ?"

"ቆይ፣ ልለካው።"

የሌሎቹ አይጦች ትሎች ዘጠኝ፣ አሥር ሚሊሜትር ደርሰው፣ ሴቶቹ እንቁላል ሞልቷቸው ነበር። ኤልቤቴል ትሉን መለኪያው ላይ ታቃናዋለች። ሁለት ጊዜ ትለካለች።

"አንድ ነጥብ ሁለት ሚሊሜትር" ትላለች። "ሴት ናት። እንቁላል የለም። አይጧ እንዳታድግ ይዛታለች።"