ከአልጋው ጀርባ ያለው ግድግዳ

ሞሚና አልጋውን ጎትታ ከግድግዳው ስታላቅቀው፣ ግድግዳው ተቦርቡሮ አገኘችው። ቡጢ የሚያህል ጉድጓድ ነው፤ በጥፍር የተፋቀ፣ ጠርዙ ገና ትኩስ። ልትመርግበት የያዘችው ጭቃ እግሯ ላይ ዱብ ሲል አልታወቃትም።

ቦታው ያው ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ትልቋ ልጇ ሳብሪና ነፍሰ ጡር ሳለች፣ አልጋው ላይ በጎኗ ተኝታ እየፋቀች የምትበላው እዚሁ ነበር። ሳብሪና ሞታ ሰደቃዋ በወጣ ማግስት ሞሚና ራሷ ጭቃ አቡክታ ደፈነችው። ከዚያ ወዲህ ለአረፋ በዓል ቤቱን በመረገች ቁጥር ያን ቦታ ፊቷን አዙራ ነው የምታልፈው። ዘንድሮ ግን ግድግዳው አፉን ከፍቶ ጠበቃት።

«ቢስሚላሂ!» አለች። ለአፍታ ሳብሪና ተመልሳ የመጣች መሰላት። ቀጥሎ የመጣባት ሐሳብ ከዚያም የባሰ ነበር፤ በዚህ አልጋ ላይ አሁን የምትተኛው ታናሺቱ ናት። ዩስራ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት ከገባች ሰንብታለች።

«ዩስራ! ነይ እስቲ ወዲህ!»

ዩስራ ሆዷን አስቀድማ ከጓሮ ገባች። «ምነው እማ፣ እባብ ነው?»

«ምነው እባብ በሆነ! አፍሽን ክፈቺ።»

«ምን?»

«አፍሽን ክፈቺ አልኩሽ! ይሄን ግድግዳ ማን ነው የበላው? እኔ ነኝ?»

ዩስራ ጉድጓዱን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። «ወላሂ እኔ አይደለሁም።»

«አትማይ። ምን እንዳመጣብን ታውቂያለሽ።»

ሳብሪና መማልም መደበቅም አላስፈለጋትም ነበር። አምሮት ነው፤ የነፍሰ ጡር አምሮት ደግሞ አይከለከልም፣ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላል። እንዲያውም ሞሚና ቤቴን በልታ ሳትጨርሰው እያለች እየሳቀች፣ ወደ መቻራ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ገደል ነጭ አፈር እየለቀመች፣ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ታመጣላት ነበር። «እንቺ፣ ላንቺ ብዬ ነው» ብላ መዳፏ ላይ ታስቀምጥላታለች። ሳብሪና ኩብራን በወለደች ዕለት ደሟ አልቆም አለ። ሐኪሙ «ድሮም የሚተርፍ ደም አልነበራትም፤ አፈር የሚያምራትም ለዚህ ነበር» ያላት፣ አንሶላው ፊቷ ላይ ከተሳበ በኋላ ነው። ሞሚና ያን ቀን አላለቀሰችም። በሻሿ ጫፍ ላይ የቀረውን አቧራ ነበር የምታራግፈው።

«ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያ ነበርኩ እኮ» አለች ዩስራ። «ሲስተር ሰርካ ጣቴን ወግታ ደሜን ለክታዋለች። ሄሞግሎቢንሽ አስራ ሁለት ነው፣ ጥሩ ነው ብላኛለች። የደሙን ክኒንም ሳልዘል እየዋጥኩ ነው።»

«እኔ ቁጥር አላውቅም።»

«እንግዲያው በዓይንሽ እዪው። ደም ያነሰው ሰው መዳፉ ይነጣል ብላናለች። ይኸው!»

ሞሚና የልጇን እጅ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ከራሷ እጅ የተላለፈበትን ጭቃ በአውራ ጣቷ ጠረገች። ቀይ ነው። ተጫነችው፣ ነጣ፤ ለቀቀችው፣ ተመልሶ ቀላ። ልቧ ግን አልረጋም። አንዴ የተሞኘ ሰው ዓይኑንም አያምንም።

ወጥታ ከአጥሩ ሥር እሬት ቆርጣ ተመለሰች፤ እየጨመቀችም ጭቃው ውስጥ ታንጠባጥበው ጀመር።

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሁለታችሁንም ጡት ያስጣልኳችሁ በእሬት ነው። አሁን ደግሞ ብዪው፣ አያለሁ!»

ዩስራ ልትስቅ ከጀላት፤ እናቷ እሬቱን እስከ መጨረሻው ጠብታ ስትጨምቅ አይታ ግን ተወችው። እየከበዳት ቁጢጥ አለችና የተፋቀውን ቦታ ዳበሰች። የጥፍሩ መስመር ጎን ለጎን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጣቷን አንዱ መስመር ላይ አሳረፈች። ልታስገባው ሞከረች።

«እማ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ነይ እዪ። ጣቴ አይገባም።»

ሞሚና የራሷን ሞከረች። የሷም አይገባም። መስመሩ ቀጭን ነው፤ ጉድጓዱም ከታች፣ ከወለሉ በኩል ወደ ላይ የተፋቀ እንጂ ከአልጋ ላይ የተደረሰበት አይደለም። የሳብሪና ጣቶች በመጨረሻው ወር ምንኛ ቀጥነው እንደነበር ትዝ አላት። ከሷና ከዩስራ ሌላ በዚህ ቤት ማን አለ?

የጓዳው መጋረጃ ተነቃነቀ።

ኩብራ ወጣች። ሳብሪና ጥላላት የሄደችው፣ ከሞሚና ቀሚስ ሥር የማትጠፋው ኩብራ። ሰሞኑን ከልጆች ጋር መሮጥ ትታ ጥግ ይዛ ነው የምትውለው፤ ሞሚናም ጨዋ ሆነችልኝ እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች። የልጅቷ ከንፈር ዳርና ዳሩ ነጥቷል።

«አኮ፣ አትቆጪኝ» አለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አያቷን የምትጠራት በኦሮምኛው ነው።

«አልቆጣም፣ የኔ እናት። ነይ።»

ኩብራ ቀስ እያለች ቀረበች። ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ቆም ብላ ተነፈሰች። ከዚያ የጨበጠችውን እጇን ዘረጋች፤ ከግድግዳው የተገመሰች አንዲት ጓል አፈር ይዛለች።

«እንቺ፣ ላንቺ ብዬ ነው።»

ሞሚና ተንበረከከች። እሬት የነካ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ፣ አፈሩን ከልጅቷ መዳፍ ላይ አነሳችው። መዳፉን በአውራ ጣቷ ጠረገችው፤ ደግማ ጠረገችው። ቀይ የሚባል ነገር አልወጣለትም።