በጥቁር ክር የተሰፋው እጅጌ

“ይኸው፣ ውሉ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው በጽሑፍ አስታውቄያታለሁ” ትላለች አከራይቱ፣ ወረቀቱን የውል መዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ጣል እያደረገች። “እያወቀች ነው ድርቅ የምትለው።”

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ታነሳዋለች። ከላይ ቀን፣ ከታች ፊርማ አለበት። እሷ ግን ዓይኗ አይቶት አያውቅም። ከነልጇ፣ ከነስፌት መኪናዋ ስምንት ዓመት የኖረችበት ክፍል በዚህች ብጣሽ ወረቀት ሊሄድ ነው።

“ደንቡ ግልጽ ነው” ይላል መዝጋቢው። “በጊዜው በጽሑፍ ከተነገረሽ ትለቂያለሽ። ካልተነገረሽ ውሉ ባለበት ዋጋ ለሁለት ዓመት ይታደሳል። ደርሶሻል?”

“አልደረሰኝም።”

“ዓይን አውጣ። የወንድሜ ልጅ ይገባበታል ብዬ በአፌም ነግሬሻለሁ። ለመሆኑ ቤቱ የማን ነው?”

“በአፍ የነገሩኝ ባለፈው ሳምንት ነው፣ እትዬ።”

ልብስ ሰፊዋ ቀኑን ደግማ ታየዋለች። ሚያዝያ ሦስት። ቀስ ብላ ወረቀቱን ታስቀምጣለች።

“እትዬ፣ ይሄን የፈረሙት በየትኛው እጅዎ ነው?”

“በየትኛው እፈርማለሁ? በቀኜ ነዋ።”

“ሚያዝያን ሙሉ ቀኝ እጅዎ ጀሶ ውስጥ ነበር። ከደረጃ ወድቀው። ያበላሁዎት እኔ፣ ገላዎን ያጠብኩዎት እኔ። ጀሶው አላስገባ ቢልዎ የዚህን ቀሚስ እጅጌ እስከ ብብት የተረተርኩት እኔ ነኝ። ሲፈታልዎ መልሼ ሰፋሁት። ዛሬም ለብሰውት መጥተዋል።”

መዝጋቢው ቀና ብሎ ያያል። ሰማያዊ እጅጌ፣ ጥቁር ስፌት። ያን ቀን ሰማያዊው ክር አልቆባት ነበር።

አከራይቱ ፊቷ ይጠቁራል። ለወረቀቱ ወደ ኋላ ቀን ስትቆጥር የገዛ ስብራቷን ረስታዋለች።

“የሐኪም ቤት ማስረጃ ይምጣ ልበል ወይስ እንጨርስ?” ይላል መዝጋቢው፣ የማደሻውን ቅጽ ወደ አከራይቱ እየገፋ።

“አብልታ አረደችኝ” ትላለች አከራይቱ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ትዞራለች። “ሁለት ዓመት አለሽ አይደል? በአንድ በር ስንገባ ስንወጣ እንተያያለን።”

“እንተያያለን፣ እትዬ።”

አከራይቱ ብዕሩን ጨብጣ ቅጹ ላይ ታጎነብሳለች። እጅጌው ብብቷ ሥር ይወጠራል። ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው ስፌቱን ትመለከታለች። አንድም ቦታ አልላላም።