አምባሩ የማያነበው እጅ

የመውለድ ሕክምና ወረፋ የያዘች ሚስት አምባር ታጠልቃለች፤ ደንቡ ነው። አምባሩ ደሜን እያነበበ የበላሁትን ሁሉ ለጤና ቢሮ ይናገራል። ጠዋት በባዶ ሆዴ አብሽ፣ ቀን የሽፈራው ቅጠል፣ ማታ ተልባ፣ ከዚያ በጊዜ መተኛት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቡና በአፌ አልዞረም። ላቤ እንኳ አብሽ አብሽ ይሸታል።

ዛሬ ምሳ ላይ ባለቤቴ አቤኔዘር ከክትፎው ጠቀለለና «በሞቴ!» አለኝ። በሞቴ ተብሎ እንዴት እምቢ ይባላል? ጎረስኩ።

አፌን ሳልጠርግ የቢሮዋ ሴትዮ ደወለች።

«እህቴ፣ ጥሬ ሥጋ በልተሻል። ወረፋሽ ተሰርዟል፤ እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ።»

«በአንዲት ጉርሻ?»

«ደንቡ ነው።»

«እሱስ? ሲጋራ የሚያጨሰው፣ ጫት ሲቅም የሚውለው?»

«ምርመራው ለምታረግዘው ነው» ብላ ዘጋችው።

አምባሩን አወለቅኩና አቤኔዘር እጅ ላይ አጠለቅኩት። «በል፣ ያንተንም ያንብብልን!»

ቀይም አረንጓዴም አልበራም። «የወንድ እጅ ነው፤ አይመለከተውም» አለ አምባሩ በዚያ ለስላሳ ድምፁ።

አቤኔዘር እፎይ ብሎ ሳቀ። «በቃ፣ ተይው። ከእንግዲህማ እንደ ልብሽ ብዪ» አለና ሌላ ጉርሻ ጠቀለለልኝ።

እጁን መለስኩበት። ከጠዋት የተረፈውን የአብሽ ብርጭቆ አንስቼ አፉ ድረስ ወሰድኩለት። ሳቁ ቆመ።

«በሞቴ!» አልኩት።