ኒዮን አይለምንም

የኬሚስትሪ መምህሩ ትዳር በተነሳ ቁጥር መልሱ አንድ ነበር። «እኔ ኒዮን ነኝ። ኒዮን የውጭ ሼሉ በስምንት ኤሌክትሮን ጢም ብሎ ስለሞላ ለማንም አይሰጥም፣ ከማንም አይቀበልም። ተረጋግቶ ይኖራል።»

መምህራኑ ከአንድ ትሪ ሲበሉ እንኳ እሱ ምሳ ዕቃውን ይዞ ወደ መስኮቱ ነው።

«ዘመድህ ዜኖንም እንዲህ ይኩራራ ነበር፤ ፍሎሪን መጥታ እስክትይዘው» አለችው አዲሷ የፊዚክስ መምህርት ቤዛዊት፣ ሳትጠየቅ ከምሳ ዕቃው እየቆረሰች።

«ኒዮንን ግን ማንም አልያዘውም» አለ፣ ምሳ ዕቃውን ወደ እሷ ገፋ እያደረገ። «ሽማግሌ ልኬ ደጅ ከምጠና ሞቼ እገኛለሁ። ኒዮን አይለምንም።»

«እናያለን» አለች።

እሑድ ጠዋት ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች መምህሩ የተከራየበትን ግቢ አንኳኩ። በሩን የከፈቱት አከራይዋ እትዬ ዘነበች ግራ ገባቸው።

«አባቶቼ፣ ቤት ተሳስታችኋል መሰለኝ። እዚህ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ የለችም።»

«አልተሳሳትንም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «የላከችን ልጃችን ቤዛዊት ናት። የመጣነው ተከራይዎን ለመጠየቅ ነው።»

እትዬ ዘነበች ሳቃቸውን በነጠላቸው አፍነው ሊጠሩት ሲዞሩ፣ መምህሩ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«ምነው ዘገያችሁ?» አለ።