የኮሜዲያኑ ጉርሻ

«ጋሼ፣ ሕዝቡ እኮ የሚመጣው እርስዎን አይቶ ለመሳቅ ነው» አለ ዳይሬክተሩ።

«አንዴ ደግሞ ይፍራኝ» አለ ዕድሜውን ሙሉ በፊልም ሲያስቅ የኖረው ተዋናይ። ጢሙን አሳድጎ የደርግ መርማሪ ሆኖ ሠራ።

ፊልሙ በተመረቀ ቀን፣ ተዋናዩን በወጣትነቱ የገረፈው እውነተኛው መርማሪ ከሴት ልጁ ጋር ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። የጋበዛቸው ራሱ ተዋናዩ ነው። ሰውየው የገረፈውን ሁሉ የት ያስታውሳል?

ስክሪኑ ላይ መርማሪው እስረኛውን በገዛ እጁ አጎረሰው። «ብላ ልጄ፣ ጉልበት ይሁንህ» ብሎ ወጥ የነካውን ጣቱን በእስረኛው ጉንጭ ላይ ጠረገና አለንጋውን አነሣ።

አንድም ሰው አልሳቀም። ከፊት የተቀመጠው ሽማግሌ መርማሪ ቀስ ብሎ ወደ ሴት ልጁ ዞረ።

ልጅቱ፣ አባቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ባጎረሳት ቁጥር ጣቱን የሚጠርግበትን ጉንጯን በመዳፏ እየፈተገች ነበር።