የአዲሱ እትም ምሳ

በዚያ ዘመን ሰው ራሱን የሚደለድለው እንደ ጠረጴዛ ጨዋታ ገጸ ባሕርይ ነበር። አዲስ የደንብ እትም በወጣ ቁጥር ሁሉም ያለችውን ውስን ነጥብ ሰብስቦ ለጉልበቱ፣ ለዓይኑ፣ ለጆሮው እንደገና ያከፋፍላል።

ትርሲት ባለፈው እትም ነጥቧን ለሚያማት ወገቧ አውላው ዓይኗ ደክሞ ነበር። ባሏን ይሄይስን ስታጎርሰው እንኳ አፉን እየሳተች ጢሙን ወጥ በወጥ ታደርገው ነበር። አዲሱ እትም በወጣ ማግስት ግን፣ ነጥቧን ዳግም ለወገቧ ሰጥታ ሳለ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ዛፍ ቅጠሉ ሁሉ ተለይቶ ታያት።

“ይሄኛውስ ደግ እትም ነው!” አለች።

“ደግ ነው” አለ ይሄይስ።

ምሳ ስትሠራ ዓይኗን ከመስኮቱ መንቀል አቅቷት ምስር ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው ጨመረች። ይሄይስ ጎረሰና “እጅሽ ይባረክ፣ ጣት ያስቆረጥማል!” አላት። ድሮ ጨው ትንሽ ካለፈ ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው ነበር። ትርሲት ቀመሰችው፤ ጨዉ ምላሷን አቃጠላት።

በወጣትነታቸው የዳይስ ጠጠር እየጣሉ የጠረጴዛ ጨዋታ ሲጫወቱ፣ ይሄይስ አንዱን ችሎታ ባዶ አድርጎ ሌላውን መሙላት ይወድ ነበር። ያኔ ለራሱ ገጸ ባሕርይ ብቻ ነበር። አዲሱ እትም ግን ለሌላ ሰው መስጠትንም እንደፈቀደ ሰምታለች።

“ይሄይስ፣ የምላስህን ነጥብ ነው ለዓይኔ የሰጠኸኝ?”

“ለኔ ምስሩም ሽሮውም አሁን አንድ ነው” አለ እየሳቀ። “አንቺ ግን ፊቴን ካየሽው ስንት ዘመንሽ?”

አየችው። ጢሙ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለችና፣ ከዚያ ነጭ ጢም አንዷን ፀጉር እንኳ ሳትነካ አጎረሰችው።