የበቆሎው ኖራ

ደግፌ አንጁሎን የሰደበው ጥር ሃያ ሁለት ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ሰው በሞላበት ስብሰባ ላይ ነበር። የእርሻ ኖራ መጋዘን ጠባቂው አንጁሎ እጁን አውጥቶ፣ «የአሲድ ቦቴ በዚህ መንገድ ያልፋል፤ ኖራ አሲድን ያበርዳልና ከአደጋ ጊዜ ዕቃዎች ጋር ይመዝገብ» ቢል፣ የአደጋ ሥራ አስተባባሪው ደግፌ ሳቀበት። «አንተ ከአራተኛ ክፍል የሸሸህ ኬሚስት! ኖራ ለበቆሎ ነው።» አዳራሹ ተንከተከተ። አንጁሎ የሚመልስለትን ያገኘው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቃሉን ሲስል ከረመ።

በመጋቢት፣ ከተበላ ከተማ በላይ ባለው ቁልቁለት አንድ ቦቴ ተገለበጠና አሲዱ እየጨሰ ወደ መንደሩ ምንጭ ይወርድ ጀመር። ደግፌ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «እንዴት? እርዳታው ከሐዋሳ እስኪመጣ ሦስት ሰዓት?» እያለ ይጮኻል። መጋዘኑም ባዶ ነበር፤ ኖራው ባለፈው ሳምንት ለገበሬው ታድሏል። አንጁሎ ግን በቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ፣ በወላይትኛ፣ ኖራ ያለው ሁሉ ወደ ምንጩ ያምጣ ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሮ ነበር።

ኮረብታው ተነቃነቀ። ወንዱም ሴቱም ለማሳው የተቀበለውን ኖራ ተሸክሞ፣ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ጎረፈ። ስለ በቆሎው አንድም ሰው አላነሳም። ከምንጩ በላይ ነጭ ግድብ ቆመ፤ አሲዱ ሲነካው ተንተከተከ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ከዚያም ጸጥ አለ። አንጁሎ ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብሎ አልጠበቀም ነበር።

ደግፌ ፊቱ በኖራ ነጥቶ ቀረበው። «ጋሽ አንጁሎ፣ እንዴት አወቁ?»

ያ የተሳለ ቃል ምላሱ ላይ መጣ። ወዲያው ግን አንዲት አሮጊት ግማሽ ጆንያ አዝለው፣ ዘገየሁ ብለው እየተጣደፉ ሲወርዱ አየ። ሸክማቸውን ሊቀበል ሄደ።